ዋሽንቱን ወደ ኦርኬስትራ ያሻገሩት አሸናፊ ከበደ

ባሕር ዳር፦ በጣና ዳርቻ ክረምት ወጥቶ መስኩ አደይ ሲለብስ፣ እረኛው ከብቶቹን ወደ ሣሩ አሰማርቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከወገቡ የሰካውን ዋሽንት አውጥቶ ወደ ከንፈሩ ያስጠጋል። አድምጡኝ ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። ዜማው በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ከታንኳ ቀዛፊው ጆሮ ይደርስ ይሆናል፤ ላይደርስም ይችላል። እረኛው ግን ይጫወታል። ብቸኝነቱን ያስታግስበታል፤ የልቡን ይናገርበታል።

ይህ የእረኛ ድምፅ በአንድ ወቅት ከሸምበቆው ወጥቶ፣ በኖታ ተጽፎ፣ ባሕር ተሻግሮ በዳኑብ ወንዝ ዳር በተቆረቆረችው ቡዳፔስት በታላቅ ኦርኬስትራ ተሰምቷል። ያሻገሩት ኢትዮጵያዊው የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ ተመራማሪና መምህር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። ድርሰቱም «እረኛው ባለዋሽንት» ይሰኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያደመጠው ሰው ይህ የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የደራሲውን ሕይወት እየተከተለ ለዚያ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ከወረራ ማግሥት የተገኘ ትውልድ

አሸናፊ ከበደ የተወለዱት ሚያዝያ 29 ቀን 1930 ዓ.ም በአዲስ አበባ ነው። ዘመኑ የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከተማዋን የያዘበት፣ አርበኛው በዱር በገደሉ የሚዋደቅበት ነበር። በዚያ ዘመን ዜማም ከጦር መሣሪያ ይቆጠር ነበር። ማሲንቆውን ይዞ ጀግናውን የሚያወድስ፣ ባንዳውን የሚወርፍ አዝማሪ በወራሪው ዓይን ጠላት ነበርና ብዙዎች በግጥማቸው ምክንያት ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ሰንደቅ ዓላማው በአዲስ አበባ ዳግም ሲውለበለብ፣ ሕፃኑ አሸናፊ ሦስት ዓመት ሊሞላው የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ያ ትውልድ ያደገው ሁለት የሙዚቃ ዓለሞችን እየሰማ ነው። በአንድ ወገን የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ፣ የአዝማሪው ማሲንቆ፣ የባላገሩ ክራርና ዋሽንት ነበሩ። እነዚህ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፉ ናቸው። በሌላው ወገን በነሐስ መሣሪያ የሚጫወቱ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ነበሩ። የዚህ የሁለተኛው ዓለም ታሪክ እ.ኤ.አ በ1924 ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የተሳሰረ ነው። ባንዱ ኖታ ያነብባል፤ አዝማሪው ግን ኖታ አያውቅም። አዝማሪው በአንድ ሌሊት የሚፈጥረውን ቅኔና ዜማ ባለ ኖታው አይደርስበትም። ሁለቱ በአንድ ከተማ እየኖሩ ቋንቋቸው የተለያየ ጎረቤታሞች ነበሩ።

የአሸናፊ የሕይወት ሥራ በእነዚህ ጎረቤታሞች መካከል አስተርጓሚ መሆን ነበር። ለዚህም ቀድመው የሩቁን ቋንቋ ሊማሩ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ስመ ጥሩ የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው እ.ኤ.አ በ1962 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም ሀገራቸውን ሊያገለግሉ ተመለሱ።

በያሬድ ስም የተጠራው ትምህርት ቤት

ወጣቱ ምሁር እንደ ተመለሱ የተሰጣቸው ኃላፊነት ከዕድሜያቸው የሚበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ በ1963፣ ገና በ25 ዓመታቸው፣ ብሔራዊውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥርተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ እስከ 1968 ድረስም መሩት። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በመላ ሀገሪቱ የሚታወቀው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው።

ስሙ በዘፈቀደ የተሰጠ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች የደረሰ ሊቅ ነው። በአባቶች ትውፊት ያሬድ በጣና ሐይቅ ከሚገኙት ገዳማት አንዱ በሆነው በጣና ቂርቆስ እንደ ቆየ ይነገራል። የዜማው ምልክቶች ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት እየተባሉ በብራና ላይ ከቃሉ በላይ ይጻፋሉ። በጎጃም፣ በጎንደርና በጣና ደሴቶች የድጓ ተማሪ እነዚህን ምልክቶች ሲለማመድ ዓመታትን ይፈጃል። እንግዲህ ሙዚቃን በጽሕፈት መያዝ ለኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት በያሬድ ስም ሲጠራ፣ ፒያኖና ቫዮሊን የሚማረው ልጅ ከእርሱ በፊት የነበረ የጽሑፍ ዜማ ወራሽ መሆኑን እንዳይዘነጋ ማሳሰብ ነበር።

ትምህርት ቤቱ የቆመበት ዘመን የዓለም ኃያላን በሁለት ጎራ የተፋጠጡበት ነበር። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ቢኖራትም፣ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ በ1959 ሞስኮን ጎብኝተው ከሶቪየት ኅብረት ብድር አግኝተው ነበር። ከዚያ ትብብር ፍሬዎች አንዱ በዓባይና በጣና ዳር በቅሏል። የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንደኛው መሠረት የሆነው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተገንብቶ እ.ኤ.አ በ1963 ሥራ ጀመረ። አሸናፊ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ተማሪዎችን ሲመዘግቡ፣ በባሕር ዳር ወጣቶች የብረታ ብረትና የኤሌክትሪክ ሙያ ሊቀስሙ ይሰናዱ ነበር። የያሬድ ትምህርት ቤትም ቢሆን ሕንፃው የተሠራው ከዚያው ጎራ በሆነችው በቡልጋሪያ ድጋፍ ነው። በአሜሪካ የተማሩት አሸናፊ ታላቅ ሥራቸውን ያሰሙት በሶሻሊስት ሀገር መሆኑ በዚያ ዘመን ለነበረ ኢትዮጵያዊ የሚያስደንቅ አልነበረም።

የኦርኬስትራ ድርሰት የመንግሥት ጉዳይ በነበረበት ዘመን

በዚያ ጎራ የኦርኬስትራ ድርሰት መዝናኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1936 ፕራቭዳ የተባለው የሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ ጋዜጣ የዲሚትሪ ሾስታኮቪችን ኦፔራ ክፉኛ አወገዘ። ደራሲው የተጠናቀቀውን አራተኛ ሲምፎኒያቸውን ከልምምድ ላይ አነሡት፤ ያ ሥራ ለሕዝብ የቀረበው ከ25 ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ በ1961 ነው። በ1937 በሌኒንግራድ የተሰማው አምስተኛው ሲምፎኒ ግን ከውግዘት አዳናቸው። እ.ኤ.አ በ1948 ደግሞ ሾስታኮቪች፣ ፕሮኮፊየቭና ካቻቱሪያን በፓርቲው ውሳኔ በአንድነት ተወገዙ። ከደራሲዎች የሚጠበቀው ሕዝብ የሚረዳው፣ ከሕዝብ ዜማ የተቀዳ ሙዚቃ እንዲጽፉ ነበር።

በሃንጋሪ ግን የሕዝብ ዜማ ፍለጋ ከማንኛውም የፓርቲ መመሪያ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ተጀምሯል። ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ የተባሉ ሁለት ወጣት የሙዚቃ ደራሲያን ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ በሰም ሲሊንደር ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተሸክመው በየገጠሩ ዞሩ። አሮጊት ያዜመችውን፣ ገበሬ ያንጎራጎረውን ቀረጹ፤ ወደ ኖታም ገለበጡ። እ.ኤ.አ በ1906 የሃንጋሪን የሕዝብ ዜማዎች በጋራ አሳተሙ። ከከተማው የዳንስ ሙዚቃ በታች ተቀብሮ የኖረ፣ በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረተ ጥንታዊ የገጠር ዜማ አገኙ። ኮዳይ ይህን ሀብት ለልጆች ማስተማሪያ አደረጉት። እ.ኤ.አ በ1950 በኬችኬሜት ከተማ በየቀኑ መዝሙር የሚማሩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1964 በቡዳፔስት በተካሄደ ዓለም አቀፍ የሙዚቃ መምህራን ጉባኤም የሃንጋሪ የሙዚቃ አስተማሪነት የዓለምን ዓይን ሳበ።

ኢትዮጵያዊው ወጣት ዳይሬክተር ወደዚህች ሀገር የደረሱት ያ ዝና በገነነበት ወቅት ነበር። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ እ.ኤ.አ በ1967፣ የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ መርተው «እረኛው ባለዋሽንት»ን እና «ሰላም ለኢትዮጵያ»ን አሰሙ። ኮዳይ ያረፉት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወራት ነው። አሸናፊም የኢትዮጵያ ኮዳይ የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙ ሙገሳ ብቻ አይደለም። ሃንጋሪያውያን በሰውየው ሥራ ውስጥ የራሳቸውን አባት መንገድ ማወቃቸውን ያሳያል።

ድርሰቱን ለመረዳት

«እረኛው ባለዋሽንት»ን የሚያደምጥ የጣና ዳር ሰው ከቡዳፔስቱ አድማጭ ይልቅ የቁልፉን ግማሽ አስቀድሞ ይዟል። ቁልፉ ዋሽንቱ ነው። ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከመሰል ተክል የሚሠራ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ነው። አራቱ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ አንድ ድምፅ ይወጣል፤ አንድ በአንድ ሲከፈቱ አራት ተጨማሪ ይገኛሉ። በድምሩ አምስት ናቸው። ትንፋሹ ሲጠነክር እነዚያው ድምፆች ከፍ ብለው ይደገማሉ። የኢትዮጵያ ዜማ በአምስት ድምፅ ላይ እንደሚቆም ለማወቅ የሙዚቃ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ የእረኛውን ጣቶች መቁጠር ይበቃል።

አምስቱ ድምፆች ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይደረደሩም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ሙሉው ትዝታ በፒያኖ አምስቱ ጥቁር መምቻዎች ላይ ይገኛል። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ደግሞ እጅግ የተቀራረቡ ድምፆች አሉ፤ አድማጭን የሚያባቡትም እነዚያ ናቸው። ኮዳይና ባርቶክ በሃንጋሪ ገጠር ያገኙት ጥንታዊ ዜማ ከእነዚሁ ከአምስቱ ጥቁር መምቻዎች ድምፅ የተሠራ ነው። መነሻውና መድረሻው ይለያይ እንጂ ድምፆቹ ከሙሉው ትዝታ ጋር አንድ ናቸው። ስለዚህ የቡዳፔስት ባለ ቫዮሊን ከኢትዮጵያ የመጣውን ኖታ ሲያነብ ፈጽሞ ባዕድ ነገር አልገጠመውም። የአያቱ መንደር ዜማ የሩቅ ዘመድ እንዳለው የተረዳ ያህል ነው።

ደራሲው የገጠማቸው ፈተና ሌላ ነው። አንደኛው የምት ጉዳይ ነው። እረኛው ብቻውን ሲጫወት ጊዜውን የሚለካለት የለም። አንዱን ድምፅ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይይዘዋል፤ ሌላውን እንደ ወፍ ብር አድርጎ ያልፈዋል። ኦርኬስትራ ግን ስድሳና ሰባ ሰው በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት ማኅበር ነው። ሁሉም የመሪውን በትር ያያል፤ ሁሉም የተከፋፈለና የተቆጠረ ጊዜ ይፈልጋል። ነፃነት የለመደውን ዜማ በቁጥር ማሰር ወፏን ክንፏን ይዞ እንደ ማስበረር ነው።

ሁለተኛው የድምፅ ድርብርብ ጉዳይ ነው። በእኛ ባህል ዜማ አንድ ነው። ዘፋኙ ያዜመዋል፣ ማሲንቆው ይከተለዋል፣ እያንዳንዱ በራሱ ጌጥ ያሽሞነሙነዋል። የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ደራርቦ ሐርመኒ የሚባለውን መፍጠር የአውሮፓ ሙዚቃ ምሰሶ ነው። ለባለ አምስት ድምፁ ዜማ የአውሮፓ ድርብርብ በግድ ሲለበስለት ቅኝቱ ይጠፋል፤ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀርና ሌላ የፈረንጅ መዝሙር ይሆናል። ድርብርቡ ጨርሶ ከተተወ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በመድረክ ላይ ምን ይሠራል?

ሦስተኛው የድምፁ ቀለም ነው። የሸምበቆ ዋሽንት ድምፅ ከትንፋሽ የተቀላቀለ ነው፤ ነፋስ አለበት። ከብረት የተሠራው የኦርኬስትራ ፍሉት ድምፅ ግን የጠራና የተወለወለ ነው። የዋሽንት ተጫዋች አንዱን ድምፅ ከቅኝቱ ስሜት ጋር እያስማማ ጥቂት ያነሣዋል፣ ጥቂት ያወርደዋል። ፒያኖና ኦርኬስትራው ግን አንዱን እርከን በአሥራ ሁለት እኩል ክፍሎች የቆራረጠ ሥርዓት ለምደዋል።

በ«እረኛው ባለዋሽንት» የእረኛውን ቦታ የያዘው ፍሉት ነው። ደራሲው ዋሽንቱን ከሸምበቆው ወደ ፍሉቱ ሲያሻግሩ መሣሪያውን ለወጡ እንጂ ተናጋሪውን አልለወጡም። ስለዚህ አድማጭ በመጀመሪያ ሊከተል የሚገባው የፍሉቱን ድምፅ ነው። ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚዘገይ፣ ምን ጊዜ እንደሚተነፍስ ልብ ይሏል። ቀጥሎ የቀሩት መሣሪያዎች ለእርሱ ምን እንደሚያደርጉለት ያዳምጣል። የአውሮፓን ሲምፎኒ የለመደ ሰው ሁለት ሐሳቦች የሚታገሉበትን፣ አንዱ አሸንፎ በነጋሪት የሚደመደምበትን ጉዞ ይጠብቃል። እዚህ ግን ማዕከሉ ትግል አይደለም፤ አንድ ሰውና በዙሪያው ያለ ሀገር ነው። ኦርኬስትራው እንደ መስክ፣ እንደ ተራራ፣ እንደ ሰፊ ውኃ ሆኖ ቢታሰብ ነገሩ ይገባል። መስክ እረኛውን አይሟገተውም፤ ይሸከመዋል፣ ድምፁንም ይመልስለታል።

በጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ንጋት ላይ ሐይቁ ጸጥ ባለ ጊዜ ከደሴት የተነሣ የደወል ድምፅ በውኃው ላይ እንዴት እንደሚሄድ ሰምቷል። ድምፅ ቦታ ሲያገኝ እንደሚያምር፣ ዝምታም የዜማው አካል እንደሆነ ማንም አላስተማረውም። የድርሰቱ ትልቅ ነገር ይህን የባላገር ዕውቀት ሳያፍርበትና ሳያኮስሰው ወደ ታላቅ አዳራሽ ማስገባቱ ነው። በቤተ መንግሥቱም በከተማውም ዘንድ ኦርኬስትራ የሥልጣኔ፣ ዋሽንት የድህነት ምልክት መስሎ በሚታይበት ዘመን፣ አሸናፊ ቫዮሊኑንና ቀንደ መለከቱን ለእረኛው አጃቢ አደረጓቸው። ይህ የክብር ቅደም ተከተልን መገልበጥ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ መልስ የሰጡም ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1963 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል፣ በግብፅ ተወላጁ ደራሲ በሐሊም ኤል ዳብሕ ጠንሳሽነት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተቋቋመ። በኋላም በተስፋዬ ለማ መሪነት ገነነ። ይህ ቡድን የፈረንጅ መሣሪያ አልፈለገም፤ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናን፣ ዋሽንትን፣ እምቢልታንና ከበሮን በአንድ መድረክ ሰበሰበ። ዛሬ በባሕር ዳር የሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሳሰሉ የባህል ቡድኖች ክራሩንና ማሲንቆውን በአንድነት ሲያሰሙ የምናየው ልማድ የዚያ መንገድ ዘመድ ነው። አሸናፊ መሣሪያውን ቀይረው ዜማውን ይዘው ወጡ፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሣሪያውን ይዞ አደረጃጀቱን ቀየረ። ሁለቱም የሸሹት አንድ ነገር ነው፤ የባላገሩ ዜማ በየመንደሩ ተበታትኖ እንዲሞት አልፈለጉም።

ከአዝማሪው ደጅ እስከ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች

እ.ኤ.አ በ1968 አሸናፊ የትምህርት ቤቱን ኃላፊነት ለቀቁ። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ የሕዝቦችን ሙዚቃ ከባህላቸው ጋር በሚያጠናው የትምህርት ዘርፍ፣ በ1969 ሁለተኛ፣ በ1971 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የመመረቂያ ጥናታቸው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ነበር። የአማራ አዝማሪዎችን ሙዚቃም በሸክላ አሳትመው ለዓለም አድርሰዋል።

የምርምር ጽሑፎቻቸው ለዚህ ክልል አንባቢ የተለየ ትርጉም አላቸው። እ.ኤ.አ በ1975 ስለ አዝማሪ ባለቅኔነትና ሙዚቀኛነት፣ በ1977 ደግሞ ስለ ክራር ያሳተሟቸው ጥናቶች ዛሬም በዘርፉ ተመራማሪዎች ይጠቀሳሉ። በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ቅርፁ የሚመስለው ክራር የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ መናቁ አስገርሟቸው ነበር። አዝማሪም ቢሆን በሠርግና በግብዣ ተፈልጎ በማግሥቱ የሚናቅ ሰው ነበር። አሸናፊ ጉልበታቸውን ያፈሰሱት በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። እረኛውን በኦርኬስትራ ፊት ያቆመው ልብና አዝማሪውን በምርምር መጽሔት ያከበረው ልብ አንድ ነው።

በ1966 ዓ.ም አብዮቱ ሲፈነዳ እርሳቸው በውጭ ነበሩ። ኑሯቸውም በዚያው ጸና። በኒው ዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በፍሎሪዳ የአፍሪካ አሜሪካውያን ባህል ማዕከልን መርተዋል። እ.ኤ.አ በ1982 የታተመው የጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥረ መሠረትን የሚመለከተው መጽሐፋቸው የአፍሪካን ድምፅ፣ መሣሪያና ውዝዋዜ ከአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ጋር አያይዞ ያሳየ ነው። ከሙዚቃው ጎን ለጎን ብዕራቸው ወደ ሥነ ጽሑፍም አዘንብሏል፤ በ1960ዎቹ ያሳተሙት ልብ ወለድ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ከጻፏቸው ቀደምት ልብ ወለዶች አንዱ ነው።

የሙዚቃ ድርሰታቸውም አልቆመም። «ኮቱሬዢያ» በተባለው ሥራቸው ፍሉትን፣ ክላሪኔትንና ቫዮሊንን ኮቶ ከተባለው የጃፓን ባለ አውታር መሣሪያ ጋር አገናኙ። ይህም የመጀመሪያው ሐሳባቸው ቀጣይ ነው። የጃፓን ባህላዊ ዜማም በአምስት ድምፅ ላይ የሚቆም ነውና፣ የትዝታና የአምባሰል ሀገር ሰው በሩቅ ምሥራቅ ሌላ ዘመድ አገኘ ማለት ነው። ቡዳፔስት ላይ የጀመረው የዝምድና ፍለጋ እስከ ጃፓን ዘለቀ። ፍሉቱ ግን እዚህም አልቀረም።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ሚያዝያ 30 ቀን 1990 ዓ.ም በፍሎሪዳ አረፉ። ስድሳኛ ዓመታቸውን በደፈኑ ማግሥት ነበር። የሀገራቸውን ዜማ በጽሑፍ ያኖሩ፣ ለሀገራቸው ልጆች የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያቆሙ ሰው ከሕይወታቸው ግማሽ የሚሆነውን በባዕድ ሀገር አሳለፉ። በ1960ዎቹ የጻፉት እረኛ ከሀገሩ ርቆ ሲዘዋወር፣ ደራሲው ራሳቸው ተከተሉት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተተወልን ቅርስ

የዘሩት ግን በቅሏል። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች በየቲያትር ቤቱ፣ በየባንዱ፣ በየትምህርት ቤቱ አሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ተነሥቶ በቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሮ፣ የኢትዮጵያን ቅኝቶች በፒያኖ ለዓለም አሰምቷል። ከአልበሞቹ አንዱም በእረኛና በዋሽንት ስም የተሰየመ ነው። አሸናፊ በኦርኬስትራ ፊት ያቆሙት እረኛ ከፒያኖው ዘንድም አልጠፋም።

እንግዲህ ወደ መነሻችን ጥያቄ እንመለስ። «እረኛው ባለዋሽንት» የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? መሣሪያው ከውጭ መጥቷል፤ ኖታውም እንዲሁ። ተጫዋቾቹ ሃንጋሪያውያን ነበሩ። ከመሐል የተቀመጠው ተናጋሪ ግን የእኛ ነው፤ የሚናገረውም በእኛ ቋንቋ ነው። ሃንጋሪያዊው ኮዳይ በቫዮሊን ስለጻፉ ዜማቸው ከሃንጋሪ ገበሬ እንዳልተወሰደ ሁሉ፣ አሸናፊም በፍሉት ስለጻፉ ዋሽንቱ ከእረኛው አልተወሰደም። ይልቁንም ታይቷል፣ ተከብሯል፣ ከጊዜ መርሳት ድኗል።

ዋሽንት የሚነፋ እረኛ እንደ ቀድሞው በየመስኩ አይገኝም። ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ይህም መልካም ነው። በየእጁ ያለው ስልክ የሸምበቆውን ቦታ ወስዷል። ከአባቱ የሰማውን ዜማ ለልጁ የሚያሰማ ሲያንስ፣ በጽሑፍና በድምፅ የተያዘው ዋጋው ይጨምራል። አሸናፊ ከበደ ይህን ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት አስበውበታል። ድርሰታቸውን ለመረዳት የሚሻ ሰው አንድ ማለዳ ወደ ጣና ዳርቻ ወርዶ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ውኃውን ያዳምጥ፣ ከዚያም ፍሉቱን። ሁለቱ ሲገናኙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።